የቡሬዋ ስልከኛ ጊታር

አልጣሽ ስልከኛ ነበረች። በዚያ ዘመን ቡሬ ላይ ያለ ስልክ ሁሉ፣ የእህል ነጋዴውም ሆነ የፖሊስ ጣቢያው፣ የትምህርት ቤቱም ሆነ የጤና ጣቢያው፣ አስቀድሞ የሚያገኘው የእሷን ድምፅ ነው። ደዋዩ እጀታውን ሲያዞር ፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን ዱብ ትላለች፤ አልጣሽ ሽቦውን ትሰካና "ቡሬ" ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚባለው ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ማን እንደ ወለደች፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን መኪና ዓባይ በረሃ ላይ እንደ ቆመ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ለእሷ ተብሎ የሚደወል ስልክ ግን አልነበረም።

የተወለደችው ከቡሬ ወደ አገው ምድር በሚያወጣው መንገድ፣ ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ገጠር ነው። እናቷ ቤት ውስጥ አውኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ የሚናገሩ ገበሬ ነበሩ። ገና ልጅ ሳለች ዳሯት፤ ልጅ ሳትወልድ ብትቆይ ባሏ መልሶ ላካት። ከዚያ በኋላ ነው ቡሬ ዘመድ ቤት ተጠግታ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰችው፣ ለስልክ ቤቱም ተፈትና የተቀጠረችው። ድምፅዋ ጥርት ያለ ስለ ነበር ፈታኙ ብዙም አላደከማት። እናቷ ሲሞቱ ወንድሞቿ ቤቱንም እርሻውንም ይዘው ቀሩ፤ እሷም ወደ ገጠር የምትሄደው ለተዝካር ወይም ለሠርግ ብቻ ሆነ።

ቡሬ የምትኖረው እመት እህተ ማርያም ከሚባሉ ሴት ጋር በደባልነት ነው፤ አንዲት ክፍል አለቻት፣ ግድግዳው ከእሳቸው መኝታ ጋር የጋራ ነው። ስልክ ቤቱ ውስጥ ሌላዋ ስልከኛ ቻይነሽ የምትባል የልጆች እናት ናት። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ስለምትወጣ ለዓመታት አብረው ሠርተው የሚነጋገሩት በር ላይ ብቻ ነው።

ጊታሩን የሰጠቻት ህንዳዊት ናት። የሁለተኛ ደረጃው የሒሳብ መምህር ህንዳዊ ነበር፤ ሶሳማ ከምትባል ባለቤቱ ጋር እመት እህተ ግቢ ውስጥ ይኖር ነበር። ሶሳማ አማርኛ አትችልም፣ አልጣሽም የእሷን ቋንቋ አታውቅም። ባሏ አስተምሮ እስኪመለስ ድረስ ሶሳማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በአገሯ ቋንቋ መዝሙር እየዘመረች ጊታር ትመታለች። አልጣሽ ከሥራ ስትገባ ቆም ብላ ትሰማታለች። አንድ ቀን ሶሳማ ምንም ሳትናገር አጠገቧ ያለውን በርጩማ በመዳፏ መታ መታ አደረገችላት። አልጣሽ ተቀመጠች። ሶሳማም ጣቶቿን አንድ በአንድ እየያዘች ክሩ ላይ አስቀመጠችላት፤ ሲያማት እየሳቀች ታሻሻታለች፣ እንደገና ታስቀምጣለች። እንዲህ እያሉ ሁለት ክረምት አሳለፉ። የመምህሩ ውል አልቆ ሲሄዱ ሶሳማ ጊታሩን አልጣሽ አልጋ ላይ አስተኝታው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አልጣሽ ብቻዋን ነው የተጫወተችው። መጀመሪያ የሶሳማን መዝሙሮች፣ ቃላቸውን ሳታውቅ። እነሱ ሲሰለቿት እናቷ ጤፍ ሲያርሙ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ በክሩ ላይ መፈለግ ጀመረች። ቃሉ አውኛ ነው፣ ግማሹ ጠፍቷታል። ዜማውን ግን ታስታውሳለች፤ ከታች ተነስቶ ይወጣል፣ ከላይ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቅኝቱ ባቲ ነው ያሏት አንድ ክራር የሚመቱ ሽማግሌ ናቸው፤ እሷ ስሙን አታውቅም ነበር።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ላቀው የሚባል ወጣት ስልክ ቤት መጣ። የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ነው፤ ሁልጊዜ እንደ ቸኮለ፣ ሁልጊዜ ከኪሱ እስክሪብቶ እንደ ታየ ነው። ፍኖተ ሰላም ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሊደውል ፈልጎ መስመር እስኪገኝ በመስኮቷ በኩል ቆመ።

"ጓድ አልጣሽ፣ ቤትሽ ጊታር አለ ይባላል" አላት።

"አለ።"

"ትችያለሽ?"

"ለራሴ ያህል።"

"አውራጃው ዘንድሮ አዲስ ዘርፍ አውጥቷል። ዘመናዊ መሣሪያ፣ በነጠላ። ደንበጫዎች አኮርዲዮን የሚጫወት መምህር አላቸው። እኛ ማንም የለንም።"

"ሰው ፊት ተጫውቼ አላውቅም።"

"ሰው ምን ያደርጋል? ሲያልቅ ያጨበጭባል።"

በዚህ መሃል መስመሩ መጣ፤ አልጣሽ አገናኘችው። ተናግሮ ሲጨርስ ውድድሩ ከፋሲካ በኋላ፣ ለላብ አደሮች ቀን ዋዜማ እንደ ሆነ ነገራትና ስሟን መዝግቦ ወጣ። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ማታ ቤቷ ገብታ ስታስበው ግን ደስ ብሏት እንደ ነበር ታወቃት። ማንም ከእሷ ምንም ነገር ከፈለገ ቆይቷል፤ ከመስመር በስተቀር።

ችግሩ ሁዳዴ ነበር። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እመት እህተ ደጃፏ ላይ መጥተው ቆሙ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ከጊታሩ ላይ አንስተው ጣሪያውን እያዩ ነው የሚናገሩት።

"ልጄ፣ ሁዳዴ ገባ እኮ።"

"አዎ እመት እህተ።"

"እኔ አልከለክልሽም። ቤቱ የቀበሌ ነው ይሉኛል፣ እንግዲህ አፌም የቀበሌ ሳይሆን አይቀርም። ብቻ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ስሰግድ ከግድግዳው ወዲህ ሲዘፈን፣ ስግደቴን የሚቆጥረው መልአክ ይሳሳት ይሆን ብዬ ነው።"

"ዘፈን አይደለም፤ ልምምድ ነው እመት እህተ።"

"እሱን ለእኔ ሳይሆን ለመልአኩ ንገሪው" ብለው ሄዱ።

አልጣሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ አልመታችም። ጊታሩን በጋቢ ጠቅልላ ስልክ ቤት ወሰደችው። በጾም ወራት ከቀትር በኋላ ቡሬ ጸጥ ይላል። ግማሹ ሰው ቅዳሴ ላይ ነው፣ የቀረውም በረሃብ ተጋድሞ ሰዓቱን ይጠብቃል፤ የሚደውል የለም። እሷም በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሰሌዳውን ባንድ ዓይኗ እያየች ትለማመዳለች።

አንድ ቀን እንዲህ ስትለማመድ የፍኖተ ሰላም መስመር ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሮ ከአንገቷ ላይ ድምፅ ሰማች።

"ቡሬ።"

ማዳመጫውን ፈጥና ጆሮዋ ላይ አደረገች። "አቤት ፍኖተ ሰላም።"

"መስመሩ ላይ አንድ ነገር ገብቷል።"

"ምን?"

"እንጃ። ዜማ የመሰለ ነው። አሁን ደግሞ ቆመ።"

አልጣሽ ጊታሩን ከጭኗ አወረደች። በሥራ ሰዓት ነው፣ መስመሩም የመንግሥት ነው። መዋሸት ግን አልመጣላትም። "እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ ከሆንሽ ለምን አቆምሽው?" አላት ድምፁ።

ገደፋው ይባላል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሮ ከመጣ ዓመት አልፎታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን እሱ ለእሷ "ፍኖተ ሰላም" ነው፣ እሷም ለእሱ "ቡሬ"። ስም ተጠያይቀው አያውቁም። መስመር ስጠኝ፣ እንቺ፣ ያዢ፣ ተያዘ፤ ንግግራቸው ይኸው ነበር።

በማግስቱ ያንኑ ሰዓት እሱ ራሱ ደወለ። የሚያገናኘው ደንበኛ አልነበረውም። "ያን ነገር" አላት፣ "እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም።" አልጣሽ ማዳመጫውን አወለቀችና የሚናገሩበትን ጫፍ ወደ ጊታሩ አዙራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስትጨርስ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

"ሙዚቃ አላውቅም" አለ ገደፋው፤ "ግን ከላይ ደርሰሽ ስትወርጂ ትሮጫለሽ።"

"የት ላይ?"

"መውረድ ሲጀምር። የሚያባርርሽ ሰው ያለ ይመስላል።"

አልጣሽ እንደገና መታችው። እውነቱን ነበር። ብቻዋን ለዓመታት ስትጫወት አንድም ቀን አላስተዋለችውም።

ከዚያ በኋላ ጾሙ እንዴት እንዳለፈ አላወቀችም። ከቀትር በኋላ ሲሆን ጆሮዋ ፍኖተ ሰላምን ይጠብቃል። ገደፋው ሰምቶ የመሰለውን ይናገራል። አንድ ጊዜ "ወፍራሙን ክር እኮ አልሰማውም" አላት። ገርሟት ደጋግማ መታችለት። "አይ፣ አይመጣም። መስመሩ ይበላዋል። ቀጫጭኖቹን ነው የምሰማው።"

"ታዲያ የዜማው ግማሽ እዚያ ነው ያለው።"

"አውቃለሁ። እዚያ ስትደርሺ ትንሽ ዝም ይላል። የሆነ ነገር እንዳለበት አውቄ እጠብቅሻለሁ።"

ስለ ሌላም ነገር መነጋገር ጀመሩ። እናቱ ደብረ ማርቆስ እንዳሉ፣ ምሳውን ከአንዲት ሴትዮ ቤት ብቻውን እንደሚበላ፣ እሑድ እሑድ ላህ ወንዝ ድረስ በእግሩ ሄዶ እንደሚመለስ ነገራት። "ወንዙ ምን አለው?" ብትለው "ምንም የለውም፤ ደርሼ እመለሳለሁ" አላት። እሷም ስለ ሶሳማ ነገረችው፤ መልሶ ስለ ላካት ባሏም ነገረችው፤ ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። ሲነጋገሩ ክዳን ከወደቀ "ቆየኝ" ትልና ደንበኛውን አገናኝታ ትመለሳለች። ያቆመችበትን ቦታ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያስታውሳት።

ጾሙ ሲጋመስ ቀጭኑ ክር ተበጠሰ። ቡሬ ላይ የጊታር ክር አይገኝም፤ በአውራጃውም የሚገኝ አልመሰላትም። ለክራር የሚሆን ጅማት አስራበት ሞከረች፤ ድምፁ የታመመ ሰው መሰለ። ለገደፋው ነገረችው። ሁለት ቀን ጠፋና በሦስተኛው ቀን ከፍኖተ ሰላም የመጣ አውቶቡስ ረዳት በጋዜጣ የተጠቀለለች ነገር ይዞ ስልክ ቤት መጣ። "ለቡሬ ስጥ ተብያለሁ፤ ቡሬ ማን ነው?" አለ እየሳቀ። ውስጡ የሞተር ብስክሌት የፍሬን ሽቦ ነበር፤ ገደፋው የተገመደውን ፈትቶ አንዷን ቀጭን ብረት ብቻ ለይቶ፣ አጣጥፎ ልኮላታል። አሰረችው። ስትመታው ይጮሃል፣ ጣቷንም ይቆርጣታል። ጣቷ ደምቶ ደርቆ እንደገና ደማ፤ በመጨረሻ ጫፉ እንደ ቆዳ ጠነከረ።

በሆሳዕና ሰሞን ላቀው የምዝገባ ቅጽ ይዞ መጣ። "ርዕሱ ማን ይባላል?" አላት።

"ርዕስ የለውም። የእናቴ ዜማ ነው።"

"የእናቴ ዜማ አይሆንም፤ ይዘት ያስፈልገዋል። ስለ ምንድን ነው?"

"ጤፍ ሲያርሙ ነው የሚሉት።"

ላቀው ፊቱ በራ። "ታዲያ ምርት ነዋ" አለና "ምርታችን ጋሻችን" ብሎ ጻፈ። አልጣሽ ይህን ለገደፋው ስትነግረው ሳቀ። ሳቁን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው። ወፈር ያለ፣ ቶሎ የሚያልቅ ሳቅ ነው።

"አዳራሽ ትመጣለህ?" አለችው።

"ፈረቃ እቀይራለሁ።"

"እንዴት አውቅሃለሁ?"

"እኔ እናገራለሁ፤ ታውቂኛለሽ።"

በሰሙነ ሕማማት ጊታሩን አልነካችውም። ለፋሲካ እመት እህተ ጠርተዋት አብረው ፈሰኩ፤ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የእመት እህተ ልጆች ሁለቱም አሥመራ ግንባር ናቸው። በልተው ሲያበቁ አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉና "ትንሣኤ ሆኗል፤ አሁን ምቺው። እኔም ልስማው" አሏት። አልጣሽ ጊታሩን አምጥታ መታችላቸው። ግን እንደ ስልክ ቤቱ አልሆነላትም። ድምፁ ከክሩ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ቀረ። ወዲያ ማዶ ሆኖ የሚይዘው ሰው አልነበረም። እመት እህተ "ያሳዝናል" ብለው ተነስተው ሄዱ።

የውድድሩ ቀን የኪነት ቡድኑ በጭነት መኪና ተሳፈረ። ወጣቶቹ ከበሮ እየመቱ፣ እየዘፈኑ ነው የሚሄዱት። አልጣሽ ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች፤ ጥግ ይዛ ጊታሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ማንኩሳን ሲያልፉ የገበያ ሰው እጁን አውለበለበላቸው። እሷ ግን የምታየው የስልክ ምሰሶዎቹን ነበር። መንገዱን ዳር ዳር ይዘው አብረዋት ይሄዳሉ፤ ድምፁ በዚህ ሽቦ ነው የሚመጣው ብላ አሰበች።

ፍኖተ ሰላም ይሞቃል። አዳራሹ በሰው ተጨናንቆ፣ ግድግዳው በቀይ ጨርቅ መፈክር ተሸፍኖ ነበር። ዳኞቹ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። አልጣሽ ከመድረኩ ጀርባ ሆና ተራዋን ስትጠብቅ የሰዎቹን ፊት አላየችም፤ ድምፃቸውን ነው የምትሰማው። አንዱ "ወንበር አምጡ" ይላል፣ አንዱ ልጁን ይጠራል፣ አንዱ ያስነጥሳል። ሥራዋ ነውና ድምፅ ለመለየት አትቸገርም። ገደፋው አልነበረም።

ስሟ ሲጠራ ወጣች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ማይክራፎኑን አንድ ሰው ወደ ጊታሩ ዝቅ አደረገላት። የመጀመሪያውን ክር ስትመታ ድምፁ ከግድግዳው ሳጥን ወጥቶ መልሶ መታት፤ ደነገጠች። የራሷ ጊታር አልመስል አላት። ቢሆንም ቀጠለች። ዜማው ከታች ተነሳ። ወፍራሙ ክር አዳራሹን ሞላው፤ ከወለሉ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከላይ ደረሰች፣ ቆየች። ሊወርድ ሲል እጇ መሮጥ ጀመረ፤ የሆነ ሰው የሚያባርራት መሰላት፣ ያ ገደፋው የነገራት ነገር። ያዝ አደረገችው። ቀስ እያለች አወረደችው። ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ሌላው ሰው ዝም ብሎ ነበር። ስትጨርስ አጨበጨቡ፤ ያን ያህል የደመቀ አልነበረም። ሌላው ካቆመ በኋላ ከኋላ አንድ ሰው ትንሽ ቀጠለና እሱም ተወው።

ከእሷ ቀጥሎ የደንበጫው መምህር ዘሩ በአኮርዲዮን የሰልፍ ዜማ ተጫወተ። ሰው ተነስቶ አብሮት አጨበጨበ፤ ደስ የሚል ፊት ያለው ሰው ነው፣ እየተጫወተ ይስቃል። ፍኖተ ሰላሞች አለን ያሉት ሰው ሳይመጣ ቀረ። ውጤት ሲነበብ ዘሩ አንደኛ፣ አልጣሽ ሁለተኛ ሆኑ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፈው አንደኛው ብቻ ነው።

"ሁለተኛ ጥሩ ነው" አላት ላቀው።

"የተወዳደርነው ሁለት ሰው ነን።"

"ሪፖርቱ ላይ ከስንት ሰው ነው አይባልም" አለና ወደ ዘፋኞቹ ሮጠ።

አልጣሽ ጊታሩን ጠቅልላ አዳራሹ ግቢ ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ቆመች። የቡሬ ልጆች መጥተው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት፣ ትንሽ ከበቧት፣ ከዚያ ሻይ ፍለጋ ተበተኑ። እሷ እዚያው ቀረች። ሰው ይወጣል፤ ሁለትም ሦስትም ሆኖ እያወራ በአጠገቧ ያልፋል። ወፈር ያለ ድምፅ በሰማች ቁጥር ዞር ትላለች። አንዱ ስለ በሬ ያወራል። አንዱ የደንበጫውን ሰው ያደንቃል። አንድ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ቧንቧው ላይ እጁን ታጥቦ ምንም ሳይናገር ሄደ። ግቢው እየሳሳ መጣ። ፈረቃውን የሚቀይርለት ሰው አጥቶ ይሆናል ብላ ስልክ ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ አንዲት ሴት ጠየቀች፤ ከአደባባዩ ወዲያ ነው አለቻት፣ ምሰሶው ከዚያው ይታያል። መሄድ ስትጀምር የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ላቀው በስሟ እየጠራ ነበር። ምሰሶውን ትንሽ አየችና ተመለሰች።

ከበዓሉ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ እስኪደውል ጠበቀች። አልደወለም። ራሷ ሽቦውን ሰክታ እጀታውን አዞረች።

"ፍኖተ ሰላም።"

"ቡሬ ነኝ። መጥተህ ነበር?"

"ነበርሁ።"

"የት?"

"ከኋላ። ወፍራሙን ክር ሰማሁት።"

አልጣሽ ይህን ስትሰማ ደስታም ንዴትም ያዛት። "ለምን አልመጣህም ታዲያ? ጠበቅሁህ እኮ።"

"መጥቼ ነበር። ቧንቧው ጋ ነበርሽ። ነጠላሽ ከትከሻሽ ወርዶ፣ የግራ እጅሽን ጣቶች ታሻሽ ነበር።"

ካኪ ኮቱ ትዝ አላት። ፊቱን ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ረጅም ይሁን አጭር፣ ጺም ይኑረው አይኑረው፣ ምንም።

"አጠገቤ ነበርህ። ለምን አልተናገርህም?"

"ቀና ብለሽ አየሽኝ። አየሽኝና ዓይንሽ አልፎኝ ሄደ።"

"አላውቅህማ ገደፋው። ድምፅህን ነው የማውቀው።"

"አውቃለሁ። ልክ ነሽ" አለ። "እኔ ግን አንቺን ከመድረኩ በፊት፣ በሩ ላይ ስትገቢ ነው ያወቅሁሽ። ጊታሩን በጋቢ ጠቅልለሽው ነበር፣ ቢሆንም ባትይዢውም አውቅሽ ነበር። አንቺም እንደዚያ የምታውቂኝ መስሎኝ። ሞኝነት ነው። አፌን ልከፍት ስል ምን እንደምል ጠፋኝ።"

"ደህና ነሽ ብትል ይበቃ ነበር።"

"ይበቃ ነበር" አለ።

መስመሩ ውስጥ የነፋስ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። አልጣሽ ልትለው የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ወደዚህ ና፣ እሑድ ወንዙን ትተህ አውቶቡስ ተሳፈር፣ ወይም እኔ ልምጣ። ክዳን ወደቀ። "መስመር የሚጠብቅ ሰው አለ" አለችውና ነቀለችው። ደንበኛውን አገናኝታ ስታበቃ አልተመለሰችም። እሱም አልደወለም።

ከዚያ በኋላ የተጣሉ ሰዎች አልነበሩም። "እንዴት አደርህ" ትለዋለች፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላታል። መስመር ትጠይቀዋለች፣ ይሰጣታል። አንድ ሁለት ጊዜ "ትመቺያለሽ ወይ?" ብሏት "አንዳንዴ" ብላዋለች። አንድ ቀን ሊናገር የፈለገ ይመስል "አልጣሽ" ብሎ በስሟ ጠራትና ቆይቶ "ደብረ ማርቆስ ነፃ ነው፣ ሰውየውን አምጪው" አለ። ማን ይቅደም ብለው ሲጠባበቁ ክረምቱ ገባ።

ኪነቱም ብዙ አልቆየ። የቡድኑ ወንዶች ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመሉ፤ ላቀውም አብሮ ሄደ፣ ሲሰናበታት እስክሪብቶው ኪሱ ውስጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አውራጃው ያን ዘርፍ አላወጣም። ዘሩ ደብረ ማርቆስ ላይ ምን እንዳገኘ ማንም አልነገራትም።

ገደፋው መዛወሩን የሰማችው ከሌላ ሰው አፍ ነው። አንድ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ስትደውል የመለሰችላት ልጅ እግር ሴት ነበረች። አደይ እባላለሁ አለች። "የቀድሞው ስልከኛስ?" ብትላት "ወደ ቻግኒ ሄደ፤ ሳምንቱ ነው" አለቻት። ለቻግኒ የሚደረገው ጥሪ በእንጅባራ በኩል፣ በሌሎች ስልከኞች እጅ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችውም።

አደይ ወሬ ትወዳለች። ጥቂት ቀን ከቆየች በኋላ "ቡሬ፣ ጊታር የምትመቺው አንቺ ነሽ?" አለቻት።

"ማን ነገረሽ?"

"ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነዋ። ከቀትር በኋላ ከጠየቅሻት ታሰማሻለች ብሎኝ ነው የሄደው። ትንሽ ታሰሚኛለሽ?"

ጊታሩ እንደ ወትሮው በጋቢ ተጠቅልሎ ከሰሌዳው ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አልጣሽ አየችው። "ዛሬ ሥራ ይበዛብኛል" አለች። ሥራ አልነበረም።

"ሌላ ቀን?"

"እስቲ እናያለን።"

አደይ ከዚያ በኋላ አልጠየቀቻትም፤ ስለ ጫማ፣ ስለ እጮኛዋ ታወራ ነበር፣ አልጣሽም ትሰማታለች።

አደይ የጠየቀቻት ዕለት ቤቷ ስትገባ እመት እህተ ታመው ተኝተው ነበር፤ ወገባቸውን ይዟቸዋል። ምሽቱን ውሃ አሙቃ እግራቸውን አጠበችላቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ልጆቻቸው አወሩ፤ የትልቁ ደብዳቤ ከመጣ ቆይቷል፣ የትንሹማ ድምፁ እንኳ ሊጠፋባቸው ደርሷል። "ድምፁ እንዴት ነበር?" አለቻቸው አልጣሽ። እመት እህተ ለመናገር ሞከሩ። ቃል አጡለት፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ እሱ ሊያወሩ ሞከሩ፣ ሳቃቸው መጣ። አልጣሽ እግራቸውን በፎጣ እያደረቀች "እስቲ እንደገና" አለቻቸው።